ሶላሩ ስንት ዓመት ይቆያል?

እ.ኤ.አ. በ2015 ኔቸር ማቴሪያልስ በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት አለ። ከደራሲዎቹ ስም ሁለተኛው ጌታቸው አዳም ነው፤ በዚያን ጊዜ ኦስትሪያ ውስጥ ሊንዝ ከተማ በሚገኘው ዮሃንስ ኬፕለር ዩኒቨርሲቲ ይመራመር የነበረ ኢትዮጵያዊ ወጣት። እነ ጌታቸው የሠሩት የፀሐይ ሴል ከነመደቡ 3 ማይክሮሜትር ብቻ ይወፍራል፤ ከሰው ፀጉር ከአሥር እጥፍ በላይ የቀጠነ ማለት ነው። ከክብደቱ አንድ ግራም 23 ዋት ያወጣል፤ ስልክ ቻርጅ አድርጎ የሚተርፍ ኃይል ነው። ይህንን ስስ ሽፋን ትንሽ የሞዴል አውሮፕላን ላይ ለጥፈው በፀሐይ ብርሃን አበረሯት።

ጋዜጦች ያኔ የወደዱት አውሮፕላኗን ነበር። እኔን ግን የሚገርመኝ የጥናቱ ርዕስ ነው። ስለ ቅጥነቱ ብቻ አያወራም፤ ሴሉ አየር ላይ እንዲቆይ ስላደረገው የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋንም ይናገራል። ብርሃን ከሚቀበለው ቁስ ጋር የሚነካካው ብረት እየተበላ ሴሉን ይገድለው ነበርና በመካከል ያ ሽፋን ገባ። የፀሐይ ሴል ቁስ ተመራማሪ ዋና ጭንቀት ይህ ነው፦ ስንት ያመነጫል ከሚለው በላይ፣ እስከ መቼ ያመነጫል?

አገር ቤት «ሶላር» ሲባል ሁሉም የሚያውቀው ጣሪያ ላይ የምትሰቀለዋን ሰሌዳ ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሬማ በምትባል መንደር ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት ከ1000 በላይ ቤቶችን በሶላር አብርቷል፤ የሶላር ባለሙያ ማሰልጠኛም ከፍቶ ነበር። ኩራዝ የለመደ ቤት አምፖል ሲያይ የሚሰማውን የገጠር ልጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ሰሌዳዋ ውስጥ ያለው ሲሊከን ነው። ቤል ላብስ የተባለው የአሜሪካ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳየው የመጀመሪያው የሲሊከን ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው 6 በመቶ ያህሉን ነበር። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ከ20 በመቶ ያልፋል፤ 25 ዓመት ዋስትናም ይሰጡበታል። ችግሩ ሲሊከን ከ1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቅለጥ ያለበት መሆኑ ነው፤ ያንን ፋብሪካ ለማቆም የሚጠይቀው ካፒታል ለእኛ አይቀመስም። ስለዚህ በፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ እንደ ቀለም የሚቀባ፣ 100 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚደርቅ ቁስ ይፈለጋል።

በዚህ ፍለጋ የእኛ ሰዎች ከጀመሩ ቆይተዋል። ተከተል ዮሐንስ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፕላስቲኮችን ብርሃን ላይ እየፈተኑ ከስዊድኑ ኦሌ ኢንጋናስ ጋር ጥናት ያሳተሙት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ክፍል ወንድምአገኝ ማሞና ሽመልስ አድማሴም ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ለፀሐይ ሴል የሚሆኑ ፖሊመሮችን ሠርተዋል፣ ለክተዋል። ደስታ ገበየሁ ከጌታቸው በፊት ሊንዝ ውስጥ በዚሁ ዘርፍ ሠርቷል። ጌታቸውም ተመልሶ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። ከእነዚህ ስሞች ስንቱን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያውቀዋል? የእግር ኳስ ተጫዋች ቢሆኑ ኖሮ እስከ ጫማ ቁጥራቸው እናውቅ ነበር።

አሁን የዘርፉ ወሬ ሁሉ ፔሮቭስካይት ስለተባለው የክሪስታል ቤተሰብ ነው፤ የእነ ጌታቸው ስስ ሴልም የተሠራው ከዚሁ ነው። ጃፓናዊው ጹቶሙ ሚያሳካና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያሳዩት ብቃቱ 3.8 በመቶ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከ26 በመቶ በላይ ደርሷል። ሥራው ከቅርብ ሲታይ የእጅ ጥበብ ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስታወት በሳሙና፣ በተጣራ ውኃ፣ በአሴቶንና በአልኮል ይታጠባል። ከዚያ ናይትሮጅን በተሞላ ዝግ ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ተመራማሪዋ እጇን ከሣጥኑ ጋር በተያያዘ ረጅም ጓንት አስገብታ ትሠራለች። ቢጫውን ፈሳሽ ጠብ አድርጋ መስታወቱን በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ ታሽከረክረዋለች። እየተሽከረከረ ሳለ ሌላ ፈሳሽ ትጨምራለች፤ ጥቂት ሰከንድ ብትቀድም ወይም ብትዘገይ ተበላሸ። ቀጥላ የጋለ ብረት ላይ ስታስቀምጠው ወዲያው ጥቁር ቡናማ ይሆናል። እንጀራ ዓይን ሲያወጣ ጋጋሪዋ ትመሰገናለች፤ እዚህ ግን አንዲት ዓይን ብትከፈት የላይኛው ብረት ከታችኛው ጋር ይገናኝና ሴሉ ይሞታል። በመጨረሻ ወርቅ ወይም ብር በቫኪዩም ይተንና ላዩ ላይ ያርፋል። ፓምፑ እየሠራ መብራት ከሄደ የቀኑ ልፋት መና ይቀራል። ያለቀውን ኬሚካል መተካት ደግሞ የውጭ ምንዛሪ ወረፋና የጉምሩክ ደጅ ጥናት ነው።

የሚታወጀው የፐርሰንት ሪከርድ አብዛኛውን ጊዜ ከጣት ጥፍር በሚያንስ ሴል ላይ የተለካ ነው። መቆየቱ የሚታወቀው በሌላ ፈተና ነው። ዓለም አቀፉ ደንብ ሰሌዳው በ85 ዲግሪ ሙቀትና በ85 በመቶ እርጥበት 1000 ሰዓት እንዲቀመጥ ያዛል። ከዜሮ በታች 40 ድረስ እየቀዘቀዘ፣ እስከ 85 እየጋለ 200 ዙር መመላለስም አለበት። ሲሊከን ይህን ያልፋል። ፔሮቭስካይት ግን እርጥበት ይፈታዋል፣ አልትራቫዮሌት ጨረርም ይጎዳዋል።

ጣርማ በር የሚባለው ቦታ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲኬድ ደጋው የሚሰበርበት፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ዋሻ የፈለፈለበት ይህ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። አልትራቫዮሌት ከፍታ በጨመረ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጠነክራል። ከቆላው የሚወጣው አየር ገደሉን ሲጠጋ ጭጋግ ሆኖ ሁሉን ያረጥባል፣ ሲገለጥ ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊቱን ቁር ነው። የፔሮቭስካይት ጠላቶች በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስበዋል። ብርዱ ግን ለሲሊከን ወዳጅ ነው፤ ሲሊከን ከ25 ዲግሪ በላይ በጋለ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል፤ ስለዚህ ፀሐይ በወጣበት ቀን ያው ሰሌዳ አፋር ውስጥ ከሚሠራው ይልቅ ጣርማ በር ላይ ይሻለዋል። ደጋ ለሶላር አይሆንም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያውቁት ጥሩ ነው።

ውድ መሣሪያ እስኪመጣ ሁሉም ሥራ መቆም የለበትም። ጥናት ለሚፈልጉ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ አለኝ። በቤተ ሙከራ ከተሠሩ የፔሮቭስካይት ሴሎች ጥቂቱን ተቀብላችሁ፣ ከአንድ የሲሊከን ሰሌዳ ጎን ጣርማ በር ላይ በብረት ፍሬም ስቀሏቸው። ቮልቱን፣ አምፒሩን፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን ቀን በቀን መዝግቡ፤ ክረምቱንም አትዝለሉ። ውጤቱ መጥፎ ቢሆንም አሳትሙት።