ውሀ የማይጠጣው ሣር፤ የጐልፍ መለማመጃ በቤት ጓሮ

በአሜሪካ አገር በኔቫዳ ግዛት የምትገኘውን፣ ብዙ ወገኖቻችንም የሚኖሩባትን የላስ ቬጋስን ከተማ የጐበኘ ሰው በአንዳንድ ቤቶች ጓሮ የሚያየው ነገር ያስደንቀዋል። ዙሪያው ጠጠርና ቍልቋል ሆኖ ሳለ፣ ከመካከሉ እንደ ምንጣፍ የለሰለሰ አረንጓዴ መስክ ተዘርግቶ፣ በላዩም ትንንሽ ባንዲራዎች ተተክለው ይታያሉ። ጐንበስ ብሎ በእጁ የዳሰሰው እንደ ሆነ ግን ሣር አለመሆኑን ይረዳል፤ ከናይሎን ወይም ከሌላ የፕላስቲክ ክር የተሠራ ነው። ይህ መስክ ለምን ተፈለገ? እንዴትስ ይሠራል? ጥቅሙና ጕዳቱስ ምንድን ነው?

የጨዋታው ግማሽ

እንደሚታወቀው ጐልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ ወደ ጕድጓድ የሚያስገቡበት ጨዋታ ነው። የጕድጓዱ አፍ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በጕድጓዱ ዙሪያ ሣሩ እጅግ አጥሮ የተቈረጠበት ሥፍራ «ፓቲንግ ግሪን» ይባላል፤ እዚያ ሲደርሱ ኳሱን በአየር መላክ ቀርቶ በቀስታ ማንከባለል ይሆናል።

አሥራ ስምንት ጕድጓድ ላለው ሜዳ ዘወትር የሚመደበው ምት 72 ነው። ከዚህም ውስጥ ለእያንዳንዱ ጕድጓድ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 36 ምት የሚታሰበው ለማንከባለሉ ነው። ስለዚህ የጨዋታው ግማሽ የሚፈጸመው ከጕድጓዱ አጠገብ ነው ማለት ይቻላል። ኳሱን አርቆ ለመምታት ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል፤ ማንከባለልን ለመለማመድ ግን ጥቂት እርምጃ የሚያህል ቦታና ትዕግሥት ይበቃል። ከሥራው መልስ በጓሮው ግማሽ ሰዓት ሊለማመድ የሚሻ ሰው ሐሳቡ ከዚህ የተነሣ ነው።

የውሀ ነገር

እውነተኛው የጐልፍ ሣር ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ እስኪቀር በየጊዜው ይቈረጣል፤ ውሀና ማዳበሪያም ይፈልጋል። በላስ ቬጋስ ደግሞ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከተማዋና አካባቢዋ ከሚጠቀሙበት ውሀ መቶ እጅ ዘጠናው የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ ነው። ወንዙ ተገድቦ የተሠራው የሚድ ሐይቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ሐምሌ ወር ላይ፣ በ1937 ውሀ ይሞላ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወርዶ ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድሞ በ2021 የኔቫዳ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ፣ በመንገድ ዳርና በመሥሪያ ቤት ግቢ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣር ከ2027 መጀመሪያ አንሥቶ በዚሁ ወንዝ ውሀ እንዳይጠጣ ተወስኗል። ሕጉ የግለሰብን መኖሪያ ቤት አይነካም፤ ነገር ግን ባለቤቱን እንዲያስብ ያደርገዋል።

የአካባቢው የውሀ ባለሥልጣን እንዳሰላው፣ በሣር ፈንታ ለበረሓ የሚስማማ አትክልት ቢተከል በአንድ ካሬ ሜትር በዓመት 2,200 ሊትር ያህል ውሀ ይተርፋል። ጨርሶ የማይጠጣው የፕላስቲክ ሣርም ተወዳጅነቱ ከዚህ የመጣ ነው።

ሣሩ ከየት መጣ?

የፕላስቲክ ሣር ስሙ የታወቀው በቴክሳስ፣ በሂውስተን ከተማ ነው። በ1965 አስትሮዶም የተባለው ባለጣራ ስታዲየም ሲከፈት በውስጡ የተተከለው እውነተኛ ሣር ነበር። ጣራው ብርሃን ያስገባ ስለ ነበር ተጫዋቾቹ ወደ ላይ የተመታውን ኳስ ማየት አቃታቸው። ይህን ለማረም ጣራው ቀለም ቢቀባ ደግሞ ሣሩ ብርሃን አጥቶ ሞተ። በ1966 ሞንሳንቶ የተባለው ኩባንያ የሠራው የናይሎን ሣር በምትኩ ተነጠፈ፤ ከስታዲየሙ ስምም «አስትሮተርፍ» ተባለ።

አሠራሩ

ብዙ ሰው ሥራው ምንጣፉን ገዝቶ መዘርጋት ብቻ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ምንጣፉ የሥራው መጨረሻ ነው፤ ዋናው ሥራ ያለው ከሥሩ ነው።

በመጀመሪያ የቦታው ቅርጽ በገመድ ተለክቶ አፈሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ይቈፈራል። በላስ ቬጋስ ምድር ኖራ ያጋገረው፣ «ካሊቼ» የሚሉት እንደ ሲሚንቶ የጠነከረ ንጣፍ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ አካፋ ቀርቶ ዶማም ይፈትነዋል። ውሀም በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ ዝናብ ሲጥል ውሀው የሚወርድበት አቅጣጫ አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ በአንድ ሜትር አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ዘቅዘቅ ማለት ይበቃዋል።

ከዚያም ጠጠሩ ከአፈሩ ጋር እንዳይደባለቅ ውሀ የሚያሳልፍ ጨርቅ ይነጠፍና፣ በላዩ የተፈጨ ድንጋይ ይፈስሳል። ድንጋዩ በአንድ ጊዜ ተከምሮ ሳይሆን በስስ በስሱ እየተነጠፈ፣ ውሀ እየተረጨበት፣ በመጠቅጠቂያ መኪና ይደለደላል። በመጨረሻ የደቀቀ የድንጋይ ብናኝ ለብሶ በረጅም ቀጥ ያለ እንጨትና በውሀ ልክ ይስተካከላል። የጕድጓዱ ጽዋም በዚህ ጊዜ ይቀበራል፤ ውሀ እንዳያቍር ከሥሩ ጠጠር ይደረግለታል።

ባለሙያ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ምንጣፉ ሳይዘረጋ በፊት ኳሱን በባዶው መደብ ላይ ያንከባልላል፤ ወደ አንድ በኩል ከሸሸ ወይም ከዘለለ ያንን ሥፍራ እንደ ገና ያስተካክላል። አሁን ያልታረመች የጣት ያህል ጐድጓዳ ምንጣፉ ከተጣበቀ በኋላ ለማረም ሁሉን መግለጥ ያስፈልጋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ምንጣፉ ሲዘረጋ የክሩ አቅጣጫ በሁሉም በኩል አንድ መሆን ይገባዋል። መጋጠሚያው በማስቲሽ ይጣበቃል፤ እንደ ምንጣፉ ዓይነት ጥሩ አሸዋ ተበትኖ በመጥረጊያ ወደ ክሩ ሥር ይገባል። አሸዋው ክሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ የኳሱንም ፍጥነት ይወስናል። ይህን ፍጥነት ለመለካት ኤድዋርድ ስቲምፕሰን የተባለ ተጫዋች በ1935 አንድ ቀላል መሣሪያ አስቦ ነበር፤ ኳሱ ከዘቅዛቃ ዘንግ ላይ ተለቆ በመስኩ ላይ የሄደበት ርቀት ይለካል። ሦስት ሜትር ያህል ከሄደ ለጓሮ መልካም ነው።

ጕዳቱ

በጎውን ከተናገርን ክፉውንም መሰወር አይገባም። ሕያው ሣር ውሀን በትነት እያወጣ ራሱን ያቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ግን ይህ ጠባይ የለውም። ላስ ቬጋስ ሐምሌ 7 ቀን 2024 ከ48 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይታለች፤ እንዲህ ባለው ቀን ፀሐይ ያረፈበት የፕላስቲክ ሣር ከ60 ዲግሪ ያልፋል፤ ባዶ እግርን ያቃጥላል። ከአንዳንድ የቤት መስታወት ተንጸባርቆ የሚመጣ ብርሃንም ክሩን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል። ዘመኑን ጨርሶ ሲነሣም የሚጣለው ከቈሻሻ ጋር ነው፤ እንደ ሣር አይበሰብስም። እያለቀ የሚረግፈውም ክር በአፈርና በውሀ ውስጥ ይቀራል።

ስለዚህ ብልህ ባለቤት ጓሮውን ሁሉ በፕላስቲክ አይሸፍንም። ለመለማመጃው 20 ወይም 25 ካሬ ሜትር ይለይና፣ የቀረውን ጥላ ለሚሰጡና ጥቂት ውሀ ለሚበቃቸው ዛፎች ይተወዋል። ውሀም ይተርፍለታል፤ ማረፊያም አያጣም።

የጐረቤት ዓይን የሚያርፈው በአረንጓዴው ምንጣፍ ላይ ነው። ኳሱን ቀጥ አድርጎ የሚወስደው ግን ማንም የማያየው፣ በትዕግሥት የተደለደለው ድንጋይ ነው። ትምህርቱን ወይም ሥራውን ገና የሚጀምር ወጣት ይህን ቢያስተውል ለጐልፍ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ይጠቅመዋል።