የተፈቀዱ እሴቶች ዝርዝር የት ይጻፍ?

አንድ ፋንክሽን «አማካይ» ወይም «መካከለኛ» የሚል ምርጫ እየጠበቀ «አማካኝ» ቢላክለት፣ ወዲያው እምቢ ማለቱ ከሁሉ የቀለለው ጉዳት ነው። የሚያስፈራው ዝም ብሎ አንዱን መርጦ ሲቀጥል ነው፤ የተሳሳተው ቁጥር ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ሲገኝ ምንጩን የሚያስታውስ ሰው አይኖርም። ስለዚህ የተፈቀዱት እሴቶች አንድ ቦታ ብቻ ተጽፈው ፋንክሽኑ ገና ሲጠራ መፈተሽ አለባቸው እላለሁ። የኒክላውስ ቪርት ቋንቋ ፓስካል እ.ኤ.አ. በ1970 ይፋ ሲሆን እሴቶቹ በስም የተዘረዘሩ ታይፕ (ኢነም) ነበረው። የሲ ቋንቋ ኢነምን ቢቀበልም ከኢንቲጀር አልለየውም፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ቁጥርም ያልፋል። ጃቫ በ2004፣ ፓይተን በ2014 የራሳቸውን ኢነም አመጡ። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀው የአር ቋንቋ «ማች.አርግ» ነው፦ ዝርዝሩ በፋንክሽኑ ራስጌ ላይ ይጻፋል፣ የመጀመሪያው እሴት ነባሪ ምርጫ ይሆናል፣ ስህተት ሲመጣም መልእክቱ የተፈቀዱትን ይዘረዝራል።

«ታይፕ ቼከር ካለ ፕሮግራሙ ሲሠራ መፈተሽ ትርፍ ድካም ነው» የሚሉ አሉ። በፓይተን 3.8 የገባው፣ የተፈቀዱ እሴቶችን በታይፕ መልክ የሚዘረዝረው «ሊተራል» ግን ኮዱ ሲሠራ ምንም አይከለክልም፤ ከፎርም፣ ከፋይል ወይም ከኔትወርክ የሚመጣን ስትሪንግም ቼከሩ አስቀድሞ አያየውም። ሌሎች ደግሞ ጆን ፖስተል በ1980 የጻፈውን የቸርነት መርህ ይጠቅሳሉ፦ ስትልክ ተጠንቀቅ፣ ስትቀበል ለጋስ ሁን። ልግስናው ግን ዕዳ አለው። «ማች.አርግ» ራሱ የቃሉ መጀመሪያ ብቻ ቢጻፍለትም፣ ከሌሎቹ ምርጫዎች እስከተለየ ድረስ ይቀበላል፤ ነገ በዚያው ፊደል የሚጀምር አዲስ ምርጫ ሲጨመር ትናንት ይሠራ የነበረው ኮድ ይሰበራል።

ልግስና በእርግጥ የሚያስፈልግበት ቦታ አማርኛ ነው። «ሥራ» እና «ስራ» ለአንባቢ አንድ ቃል፣ ለኮምፒውተር ሁለት ስትሪንግ ናቸው፤ ሞክሼ ፊደላት ከማነጻጸር በፊት ወደ አንድ መልክ መምጣት አለባቸው። ዝርዝሩ ራሱም ይመርመር፦ ወርን ከ1 እስከ 12 ብቻ የሚፈቅድ ፋንክሽን ለኢትዮጵያ ቀን ቢውል ጳጉሜን ይጥላል። ፋንክሽን የምትጽፉ ሁሉ፣ እምቢ ስትሉ የመጣውን እሴትና የተፈቀዱትን በመልእክቱ ውስጥ አብራችሁ ጻፉ።