አንድ ጉልበት፣ ሁለት ክስ

በቺካጎ ሰሜናዊ ክፍል በምሠራበት የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ከሰዓት በኋላ የሚመጡት አብዛኞቹ ታክሲ ነጂዎች ናቸው። ወገብ፣ ትከሻ፣ ጉልበት። ከኦሄር ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ተነሥተው በቀጥታ ይመጣሉ፤ የሰልፉንም ክርክር ይዘውት ይገባሉ። የቅርጫት ኳስ ሊጉ የጥሎ ማለፍ ዙር፣ ፕሌይኦፍ፣ ሲጀመር ደግሞ ክፍሉ ሌላ ይሆናል። አንዱ ጉልበቱ ላይ በረዶ አስሮ፣ ሌላው ወገቡ ሥር ትኩስ ፎጣ አንጥፎ፣ አሠልጣኝ ይሾማሉ፣ ይሽራሉ። የሚከራከሩበት ቡድን በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ አንድ ስም ግን ሳይነሣ ቀርቶ አያውቅም፦ ዴሪክ ሮዝ።

ለዚህ ከተማ ሮዝ የመጣ ሰው አልነበረም። በደቡቡ ክፍል፣ ኢንግልዉድ ያደገ የሰፈር ልጅ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የከተማው ቡድን ቡልስ በድራፍቱ፣ በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ፣ አንደኛ አድርጎ ወሰደው፤ በ2011 ገና በ22 ዓመቱ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ከእሱ በፊት በዚያ ዕድሜ ያን ሽልማት የወሰደ ሰው አልነበረም።

ኤፕሪል 28 ቀን 2012 በቡልስ ሜዳ በዩናይትድ ሴንተር የፕሌይኦፉ የመጀመሪያ ዙር የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። ቡልስ ፊላደልፊያን 99 ለ 87 ይመራል፤ ሊያልቅ የቀረው አንድ ደቂቃ ተኩል የማይሞላ ነው። ሮዝ 23 ነጥብ፣ 9 ሪባውንድ፣ 9 አሲስት ይዟል። ኳሷን እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ገባ፤ በሁለት እግሩ ሊቆም ዘለል ብሎ ሲያርፍ ግራ ጉልበቱ ከዳው። ማንም አልመታውም። የተበጠሰው በጉልበት መካከል ያለው መስቀለኛ ጅማት፣ ስፖርተኞች ኤሲኤል የሚሉት ነው።

አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ታካሚ አሉኝ፤ ያን ዕለት ጨዋታውን በታክሲያቸው ሬዲዮ ሰምተዋል። ዛሬም ድረስ፣ እግራቸውን ይዤ ሳጥፍና ስዘረጋ፣ “ልጄ፣ 12 ነጥብ እየመራ ምን ሊሆነው ሜዳ ላይ ያቆየዋል?” ይሉኛል፤ አሠልጣኙ ቶም ቲቦዶ ፊታቸው የቆመ ይመስል።

እኔ ብሆን አስወጣው ነበር። ይህን ሳልሸሽግ ነው የምናገረው። ነገር ግን ጅማት የውጤት ሰሌዳ አይቶ አይበጠስም። በዚያው ቀን በማያሚ የኒውዮርኩ ኢማን ሻምፐርት ያው ጅማት ተበጥሶበታል፤ ቡድኑ 100 ለ 67 በተሸነፈበት ጨዋታ። የእሱን አሠልጣኝ ዛሬ የሚከስ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያች ደቂቃ በፊት የነበሩት ወራት ናቸው። በባለቤቶችና በተጫዋቾች ውዝግብ ሊጉ የጀመረው በዲሴምበር 25 ቀን 2011 ነበር፤ 82ቱ ጨዋታ ወደ 66 ዝቅ ብሎ ቀኑ ተጨናነቀ። ሮዝ ከእነዚያ 66 ጨዋታዎች 27ቱ አምልጠውታል፤ የእግር ጣት፣ ወገብ፣ ብሽሽት፣ ቁርጭምጭሚት። አንድ ቦታ ሲያመን ሰውነት ሸክሙን ወደ ሌላው ያዛውራል። ቀኝ ጉልበታቸውን ያመማቸው ነጂ ከዓመት በኋላ በግራ ዳሌያቸው ሲመጡ የማየው ይህንኑ ነው። በእነዚያ ወራት የኛ የደጋፊዎች ጥያቄ አንድ ነበር፤ መቼ ይመለሳል?

በቀጣዩ ዓመት ክሱ ተገለበጠ። በማርች 2013 ሐኪሞች እንዲጫወት እንደፈቀዱለት ዜና ወጣ። ሮዝ ዝግጁ ሆኖ ካልተሰማው እንደማይገባ ገለጸ፤ አልገባምም። ያ ፕሌይኦፍ ደግሞ ለሱ በጣም ክፉ ጊዜ ነበር። የቡድን ጓደኛው ጆኪም ኖዋ የውስጥ እግሩ እያመመው ይሮጣል። ኔት ሮቢንሰን ታሞ እያስመለሰው ይጫወታል። ሉዎል ዴንግ ሆስፒታል ተኝቷል። ቡልስ እንደዚያ ሆኖ ብሩክሊንን በሰባተኛው ጨዋታ ጣለ፤ ሮዝ ሱፍ ለብሶ ከተጠባባቂዎች ጋር ተቀምጦ ያያል። “ለምን አላስቀመጠውም?” ሲሉ የከረሙት ሰዎች “ለምን ተቀመጠ?” አሉ። ስለ አንድ ጉልበት ነው የሚያወሩት። በ2012 አሠልጣኙን በጭካኔ ከሰሱ፤ በ2013 ልጁን በፍርሃት። በሰው ቁስል እንጨት መስደድ ይህ ነው።

ለመሆኑ ያ ጉልበት ውስጥ ምን ነበር? የሚተከለው አዲስ ጅማት ብዙውን ጊዜ ከታካሚው ከራሱ አካል የተወሰደ ቁራጭ ነው። እንደተተከለ አይጠነክርም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደክማል፣ ከዚያ ደም እያገኘ ቀስ በቀስ ራሱን እንደ አዲስ ይሠራል። የሚያሳዝነው፣ በጣም ደካማ የሚሆነው እብጠቱ ጠፍቶ፣ ሰውየው ደረጃ መውጣት ችሎ፣ “ድኛለሁ” በሚልበት ሰሞን መሆኑ ነው። ከዘጠኝ ወር በፊት ወደ ሜዳ የሚመለስ ሰው ዳግም የመጎዳት ዕድሉ ከፍ እንደሚል በሙያችን የታወቀ ነው። ወሩ ቢሞላም ጭኑ ካልጠነከረ፣ ሰውየውም ራሱ እግሩን ካላመነው፣ ገና ነው። ጉልበቱን የማያምን ተጫዋች ሲያርፍ ይሰስታል፤ ሲሰስት ያዛባል። “ዝግጁ አይደለሁም” የሚለው ቃል ለኔ እንደ እብጠትና እንደ ሕመም ሁሉ የምመዘግበው ምልክት ነው።

በጁን 2025 አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ታካሚዬ ከዚሁ ጅማት ቀዶ ሕክምና በኋላ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች ናት። ሴቶች ልጆች በዚህ ጉዳት ከወንዶቹ ይበልጥ ይጠቃሉ፤ በዚህ ሙያ ከቆየሁ ወዲህ ብዙዎቹን አይቻለሁ። እሷ የፈለገችው የኮሌጅ አሠልጣኞች ለሚመለከቱት የጁላይ ውድድር መድረስ ነው። አባቷ ውጭ መቀመጫው ላይ ከሁለት ነጂዎች ጋር ይከራከራል፤ በሩ ገርበብ ብሏል። እሷን ከዝቅተኛ ሣጥን ላይ በአንድ እግሯ ቀስ ብላ እንድትወርድ አዝዣት መስተዋቱ ፊት ቆመናል። የአባቷ ድምፅ ገባ፦ “ሐኪም ፈቅዶለት የሚቀመጥ ሰው ፈሪ ነው!”

ልጅቷ ከሣጥኑ ሳትወርድ ቆመች። በእንግሊዝኛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “አባዬ ስለ እኔም እንደዚያ ነው የሚያወራው?” አለችኝ።

መልስ አልሰጠኋትም። በሩን ከፍቼ አባቷን ጠራሁት። “ና፣ እዚህ ጋ ቁጭ በልና ጉልበቷን ብቻ እይ” አልኩት። ደህናው እግሯ ቀጥ ብሎ ወረደ። የታከመው ግን ገና ስታጥፈው ወደ ውስጥ ተንሸራተተ፤ ተንቀጠቀጠ። ያ ወደ ውስጥ መንሸራተት ጅማት የሚበጠስበት መንገድ ነው። በመሣሪያ ስለካው የጭኗ ጥንካሬ ከደህናው እግሯ ሦስት አራተኛ እንኳ አልደረሰም ነበር። እኔ የምጠብቀው ከመቶ 90 ነው።

አባትየው ጥቂት ዝም አለና፣ “ሃሊበርተን ግን ባቱ እያመመው ገባ” አለኝ።

ጥሩ ነጥብ ነው። የኢንዲያናው ታይሪስ ሃሊበርተን በዚያው ወር በሊጉ ፍጻሜ አምስተኛ ጨዋታ ላይ ባቱን ተጎድቶ፣ ጁን 22 በኦክላሆማ ሲቲ ለሰባተኛው ገባ። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ባለሦስት ነጥብ አስቆጠረ፤ ከዚያ የቀኝ ተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። የባት ጡንቻ መጨረሻው ያው የተረከዝ ጅማት ነው፤ አንድ ገመድ ናቸው። ኢንዲያና 103 ለ 91 ተሸነፈ፤ ሃሊበርተን ቀጣዩ የውድድር ዓመት ሙሉ ቀረበት። ኋላ ግን ደግሞ ቢመጣ ደግሞ እንደሚገባ ተናገረ። አከብረዋለሁ። የ25 ዓመት ሰው ነው፤ ኢንዲያና ፍጻሜ ሲደርስ ከ2000 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ አደጋውን እያወቀ ራሱ ወሰነ። ለ16 ዓመት ልጅ ግን ሰባተኛ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም። አባቷን ይህንኑ ነገርኩት። “ስንት ወር?” አለ። “ከዘጠኝ በታች አትጠይቀኝ” አልኩት። የጁላይ ውድድርም አለፋት።

ሮዝ ከዚያ የ2013 ፕሌይኦፍ በኋላ ቀኝ ጉልበቱንም ደጋግሞ ተጎዳ፤ ቡድን ለቡድንም ዞረ። ኦክቶበር 31 ቀን 2018 ለሚኒሶታ ተሰልፎ ዩታ ላይ 50 ነጥብ አስቆጠረ፤ በሕይወቱ ከዚያ የበለጠ አስቆጥሮ አያውቅም። ሜዳው ላይ አለቀሰ። ያን ማታ አሠልጣኙ ያው ቲቦዶ ነበር። ሽማግሌው ታካሚዬ በተቆጡ ቁጥር ይህን አነሣባቸዋለሁ፤ ተጎጂው የተወውን ቂም እኛ ይዘን ምን እናደርገዋለን?

ልጅቷ ሜዳ የገባችው በዲሴምበር፣ በአሥራ አንደኛው ወር ነው። በመጀመሪያ ጨዋታዋ የተፈቀደላት ስምንት ደቂቃ ነበር። ጉልበቱ የታከመ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ክሊኒክ ስታመጡት ውጭ አትቀመጡ። ገብታችሁ እዩ፤ በሩ ክፍት ነው።