የሌለን ሰው ስም የሚጠራ መዝገብ

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና መቀመጫው ኾነች። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ መሥሪያ ቤት ይቋቋማል፤ ይታጠፋል፤ ሠራተኛውም ከሐዋሳ ወይም ከሞርሲቶ ወደ ሆሳዕና ይዛወራል። ወንበሩና መዝገቡ በርክክብ ይተላለፋሉ፤ በሰርቨር ላይ የሰፈረው ስሙ ግን ተረስቶ ሊቀር ይችላል። የዛሬው ንግግራችን ይህ መርሳት ስለሚያመጣው ችግር ነው።

በኔትዎርክ የተያያዙ ኮምፒዩተሮች ባሉበት መሥሪያ ቤት ለማን ምን መብት እንደሚሰጥ የሚወስነው የደኅንነት ፖሊሲ ነው። ይኸውም ለግምጃ ቤት ዘበኛ እንደሚሰጥ የስም ዝርዝር ነው። ሰርቨሩ ግን አንድን አካውንት የሚያውቀው በስሙ ሳይኾን በመለያ ቁጥሩ ነው። አካውንቱ ተሰርዞ ስሙ በዝርዝሩ ላይ ከቀረ፣ ሰርቨሩ ስሙን ከቁጥር ጋር ማገናኘት ይሳነዋል። በዊንዶውስ ሰርቨር ላይ ይህ ሲደርስ ቁጥሩ 1202 የኾነ ማስጠንቀቂያ ይመዘገባል፤ የስሕተቱም ቁጥር በተለመደው አቆጣጠር ሲሰላ 1332 ነው። ኔትዎርኩን የሚቈጣጠረው ዋናው ሰርቨር ፖሊሲውን በየ5 ደቂቃው ስለሚያድስ፣ ማስጠንቀቂያውም እንዲሁ ሊደጋገም ይችላል።

አንዳንድ ባለሙያ ማስጠንቀቂያውን ዝም ለማሰኘት በአሮጌው ስም አዲስ አካውንት ይከፍታል። ይህ ግን በዚያ ስም ተጽፎ የቀረውን መብት ለአዲሱ አካውንት ማስረከብ ነው። ሌላው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን ማንበብ ይተዋል፤ እውነተኛ አደጋ የሚያመለክት መልእክት በመጣ ጊዜም ሳያየው ያልፋል።

ትክክለኛው መፍትሔ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ፣ በዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ሴኩሪቲ፣ ከዚያም ሎግስ በተባለው ክፍል የሚገኘውን የዊንሎጎን መዝገብ ከፍቶ ያልተገኘውን ስም ማንበብ ይገባል። ቀጥሎም ስሙ በየትኛው ፖሊሲ እንደ ተጻፈ፣ በተለይ የተጠቃሚዎች መብት በተዘረዘረበትና የቡድን አባላት በተወሰኑበት ክፍል፣ መፈለግ ነው። ስሙ በፊደል ስሕተት የተጻፈ ወይም የተለወጠ ከኾነ ይታረማል፤ ባለቤቱ የሌለ ከኾነ ከዝርዝሩ ይወጣል። ከዚህ በኋላ ፖሊሲው እንደ ገና እንዲታደስ ይታዘዛል። ፖሊሲው ያለ ስሕተት መፈጸሙን የሚያስታውቀው 1704 ቁጥር ያለው መልእክት ከተመዘገበ ሥራው ተፈጽሟል ማለት ነው።

ኾኖም ከማረም መከላከል ይቀላል። ሠራተኛ ሲሰናበት ወይም ሲዛወር በሚፈርመው የክሊራንስ ቅጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ አካውንቱ በዚያው ቀን ይታገድ፤ ስሙም ከየፖሊሲው ይውጣ፤ አካውንቱ የሚሰረዝ ከኾነ ከዚያ በኋላ ይሰረዝ። የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ሳይቀበል ሠራተኛውን የሚያሰናብት ኀላፊ እንደሌለ ሁሉ፣ ይህኛውንም ቁልፍ ሳይቀበሉ ማሰናበት አይገባም።