ዋጋ የሚያወርድ የጣሪያ ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ አትላስ አካባቢ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ነጭ ቶዮታ መስታወቶቿ በጋዜጣ ተሸፍነው ቆማለች። ባለቤቷ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ጣሪያዋን ይፈገፍጋል። የተላላጠውን ራሱ ቀብቶ፣ ለጋራዥ የሚከፍለውን አትርፎ መኪናዋን ገበያ ሊያወጣት ነው። ከዚህ በፊት ቀለም ነክቶ አያውቅም።

ችግሩ ከመኪና አካል ሁሉ ገዢ አጥብቆ የሚጠራጠረው የጣሪያን ቀለም መሆኑ ነው። በር ወይም ፓራፋንጎ የተቀባ እንደሆነ «ተጭራ ይሆናል» ተብሎ ይታለፋል። ጣሪያ ሲሆን ግን የደላላው ጥያቄ «ተገልብጣ ነበር ወይ?» የሚል ነው። ጥርጣሬው ከገባ ደግሞ የዋጋው ክርክር ከሌላ ቦታ ይጀምራል።

እርግጥ ነው፣ የተቀባ ጣሪያ ሁሉ የተገለበጠ መኪና ምልክት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ ፀሐይዋ በቀለም ላይ ትበረታለች። ክሊር የሚባለው የላይኛው ጥርት ያለ ሽፋን ቀድሞ የሚላጠው ፀሐይን ፊት ለፊት በሚቀበሉት በጣሪያና በኮፈን ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ታክስ ካከበደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ባለ መኪናው ያለችውን አሮጌ መኪና እያደሰ መያዙ የሚያስገርም አይደለም።

ለጀማሪ የሚሞከረው ተራ ነጭ ነው። የቀለሙ ቁጥር በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተሩ ክፍል ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። በቶዮታ 040 ተራ ነጭ ሲሆን፣ 070 ግን በሦስት ድርብ የሚቀባ ዕንቁ መሰል ነጭ ነው፤ ይህንን ለባለሙያው መተው ይሻላል። ብርማ ቀለምም በጀማሪ እጅ መስመር መስመር ይሠራል። የተላጠው ዙሪያ ጠርዙ በጣት እስከማይታወቅ ድረስ መፈግፈግ አለበት፤ በላዩ ላይ ዝም ብሎ ከተቀባ መልሶ ይነሳል። ሲረጩም ከአንዱ ጎን ጠርዝ ወደ መሐል፣ ከዚያ ፈጥኖ ዞሮ ከመሐል ወደ ሌላው ጠርዝ ነው። አለበለዚያ መሐሉ ደርቆ ሻካራ መስመር ይቀራል። ዝናብና አቧራ የሚያስነሳ ነፋስ ባለበት ቀን ግን አለመጀመር ነው።

አንድ ነገር በቀልድ አይታይም። በማጠንከሪያ የሚደባለቀው ክሊር ሲረጭ የሚወጣው ጉም አይሶሳይኔት የተባለ ሳንባን የሚጎዳ ኬሚካል አለበት። የጨርቅ ጭምብል አይከላከለውም፤ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ የሚረጭ ነገር አይደለም።

ወደ ገበያው እንመለስ። ልምድ ያለው ገዢ ጣሪያውን በጣቱ ያንኳኳል፣ ማግኔት ያስጠጋል፤ ስቱኮ በወፍራሙ ካለበት ማግኔቱ አይይዝም። የበሩን ጎማ ገልጦም የተረጨ ቀለም ይፈልጋል። በጎማው ሥር ሰማያዊ ካገኘ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው፤ መኪናዋ ታክሲ ነበረች ማለት ሊሆን ይችላል። ጣሪያውን ጥቁር አድርጎ ማሳመር ያማረውም ሊብሬውን ቀድሞ ይመልከት፤ የመኪናው ቀለም እዚያ ተጽፏል።

ስለዚህ ለሽያጭ የሚቀባ ሰው ከቀለሙ በፊት የሚያስፈልገው ማስረጃ ነው። የተላጠው ጣሪያ፣ ተፈግፍጎ ስቱኮ የሌለበት ላሜራ፣ ምሰሶዎቹና የጎማው ሥር በፎቶግራፍ ቢያዙ «አልተገለበጠችም» ለሚለው ቃል ድጋፍ ይሆናሉ። ፎቶግራፍ የሌለው ሻጭ ግን እንዳለች አቅርቦ የቀለሙን ዋጋ ቢቀንስ ሳያዋጣው አይቀርም፤ የተላጠ ጣሪያ ቢያንስ በአዲስ ቀለም እንዳልተሸፈነ በግልጽ ይታያል።

የአትላሱ ሰው ይህን ስናነሳለት የጣሪያውን ግማሽ ፈግፍጎ ጨርሷል። ስልኩን አውጥቶ የቀረውን ግማሽ አነሳ።