አጭር ዶሜይን ለምን ገንዘብ ያወጣል?

ፌስቡክ ሥራ ሲጀምር አድራሻው «ዘፌስቡክ ዶት ኮም» ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. ያቺን ትርፍ «ዘ» ለመጣል 200 ሺህ ዶላር ከፈለ። ቴስላም እስከ 2016 ድረስ በ«ቴስላሞተርስ ዶት ኮም» ሲጠራ ቆይቶ ነው አጭሩን የገዛው።

ለሽሮ ሜዳ የሀገር ልብስ ነጋዴ ግን ጣጣው ርዝመት ብቻ አይደለም። «ጸሐይ ጥበብ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፍ አንዱ በ«ቲ ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ፤ የ«ጸሐይ» መጨረሻስ «ዋይ» ነው ወይስ «አይ»? ማስታወቂያውን በሬዲዮ የሰማ ደንበኛ ስልኩ ላይ ገምቶ ሲጽፍ ባዶ ገጽ ላይ፣ ሲብስም ተፎካካሪው ሱቅ ላይ ያርፋል። ሰረዝና ቁጥር ከተጨመረበትማ አለቀለት።

ስሙ ከመመዝገቡ በፊት ለሦስት አራት ሰው በስልክ ነግሮ ማስጻፍ ጥሩ መፈተኛ ነው። አጻጻፋቸው ከተለያየ ሁለቱንም መያዝ ይቻላል፤ ተራ «ዶት ኮም» በዓመት ከ10 እስከ 20 ዶላር ቢያስወጣ ነው።

ምዝገባው ግን በድረ ገጽ ሠሪው ሳይሆን በባለቤቱ ስም ይሁን። አለዚያ ሁለቱ የተጣሉ ዕለት አድራሻው ከሠሪው ጋር አብሮ ይሄዳል።