ፍልሚያ 5፣ ታሪክ 1

ኳስ በቅብብል የሚያሽከረክር፣ ተመልካች የሚያስጨበጭብ፣ ጎል ላይ ሲደርስ ግን የሚቸገር ቡድን ያላየ የለም። “ስትሪት ፋይተር 2” የተሰኘው የጃፓን አኒሜሽን ፊልም ልክ እንደዚያ ነው።

ከካፕኮም ዝነኛ ቪዲዮ ጌም የተቀዳው ይህ ፊልም በጊሳቡሮ ሱጊ ዳይሬክተርነት እ.ኤ.አ. በ1994 ለእይታ በቃ። ገና ከፊሽካው ፋታ አይሰጥም። ሌሊት ነው፤ ሰማዩ ያጓራል፤ ገላጣ ሜዳ ላይ ጃፓናዊው ሪዩ ከግዙፉ ታይላንዳዊ ሳጋት ጋር ይፋጠጣል። ቹን-ሊ ደግሞ ጥፍር ታጥቆ ቤቷ ድረስ ሾልኮ የገባውን ስፔናዊ ቬጋ ደሟ እየፈሰሰ ትገጥመዋለች። በርግጫ ግድግዳ አስጥሳ ብታስወጣውም ድሉ ሆስፒታል ያስገባታል።

የፍልሚያዎቹ ምስጢር ምንድን ነው? ቡጢና ርግጫው በሰዓሊ ግምት ብቻ አልተሠራም። የኬ-ዋን ውድድር መሥራች ካዙዮሺ ኢሺ እና ስዊዘርላንዳዊው የካራቴ ኮከብ አንዲ ሁግ በፍልሚያው ቅንብር ላይ ሙያቸውን አዋጥተዋል። ሁግ ተረከዙን እንደ መጥረቢያ ከላይ ወደ ታች በማውረድ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የኬ-ዋን ግራንድ ፕሪ ሻምፒዮን ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 2000 በደም ካንሰር ቶኪዮ ውስጥ አረፈ። ገና 35 ዓመቱ ነበር። በፊልሙ ወገብ ሲዞር፣ እግር መሬት ሲቆነጥጥ ክብደቱ የሚሰማው የእንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ ስላለበት ነው።

ታሪኩስ? እሱ እንኳ ሳስቷል። ባይሰን የተባለው የወንጀል ድርጅት አለቃ ኃይለኛ ተፋላሚዎችን ያሳድዳል። ሪዩን ሲያጣው ጓደኛውን ኬንን ይይዝና አእምሮውን ተቆጣጥሮ ያሰልፈዋል። አለቀ! ህንድ ውስጥ ዳልሲም ከሱሞ ታጋዩ ሆንዳ፣ ላስ ቬጋስ ላይ ዛንጊፍ ከብላንካ ጋር ይተናነቃሉ። ለምን? አይጠየቅም። በጭማሪ ሰዓት እንደገባ ተቀያሪ ላብ ሳያወጡ ይወጣሉ።

ያም ሆኖ አንዷ ጎል ቆንጆ ናት። ሪዩ አብሮት የሠለጠነውን ኬንን አልመታም ይላል። እየተደበደበም ጓደኛውን ወደ ልቡ ለመመለስ ይታገላል። ከዚያ ሁሉ ርግጫ በኋላ ተመልካቹን ይበልጥ የሚያስጨንቀው ያልተሰነዘረው ቡጢ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዣን ክሎድ ቫንዳም የተወነበት የሆሊውዱ “ስትሪት ፋይተር” ወጥቶ የተቺዎች መሳለቂያ ሆነ። ሥጋና ደም የለበሱት ተዋንያን በቀለም በተሳሉት ተበለጡ። የተወሳሰበ ታሪክ የሚሻ ሌላ ፊልም ይፈልግ፤ ፍልሚያ ለናፈቀው ግን ይህ ጨዋታ እስከ መጨረሻዋ ፊሽካ ከወንበር አያስነሳም።